ከሲንኩ ሥር የሚያንጠባጥበው ውኃ ከየት ነው የሚመጣው?

የጠባሴው ተከራይ፦

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የቤቱን ሁኔታ በዝርዝር ካልገለጽሁ ምክር ለመስጠት እንደሚያስቸግር ስለማውቅ፣ ጥያቄዬ ቢረዝም አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምኖረው በደብረ ብርሃን ከተማ ጠባሴ በተባለው ሠፈር በተከራየሁት ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ማድ ቤቱ ባለ አንድ ጎድጓዳ የማይዝግ ብረት ሲንክ አለው። ከሲንኩ ማጣሪያ ሥር አጭርና ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ቧንቧ ይወርዳል፤ ቧንቧው የጠርሙስ ቅርጽ ባለው ሲፎን ውስጥ ይገባል፤ ከሲፎኑ ጎን ደግሞ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ነጭ ተጣጣፊ ቱቦ ወጥቶ፣ ግድግዳው ውስጥ በተቀበረው ግራጫ የፒቪሲ ቧንቧ ይሰካል። ይህ ሁሉ የሚገኘው በቺፑድ በተሠራ ካቢኔት ውስጥ ነው።

ችግሩ የጀመረው ገና ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። መጀመሪያ ያስተዋልሁት የካቢኔቱ ወለል አብጦ በሩ አልገጥም ማለቱን ሲሆን፣ ጎንበስ ብዬ ስመለከት ከሲፎኑ ሥር ውኃ ጠብ ጠብ ሲል አየሁ። የሲፎኑን ዳዶ በፒንሳ አጠበቅሁት። በማግስቱም ስላልቆመ ፈትቼ ጥርሱን በቴፍሎን ጠቀለልሁና መልሼ አሰርሁት። ያም ስላልበጀ ሲሊኮን ገዝቼ መገጣጠሚያውን ዙሪያውን ለበጥሁት፤ ሦስት ቀን ደርቆ ከቆየ በኋላ በአራተኛው ቀን፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ዕቃ ሲታጠብ፣ እንደ ቀድሞው ማፍሰስ ጀመረ።

ሁለት ነገሮች ግራ አጋብተውኛል። አንደኛው፣ እጄን ስታጠብ ወይም አንድ ብርጭቆ ሳለቀልቅ ምንም ጠብታ አለመታየቱ፣ ነገር ግን ሲንኩ በውኃ ተሞልቶ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ከሥር የሚታየው ውኃ ብዙ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሲፎኑ ውስጥ ውኃ እንዳለ በዓይኔ አይቼ ሳለ፣ ጠዋት ካቢኔቱን ስከፍት የፍሳሽ ሽታ የሚቀበለኝ መሆኑ ነው።

አከራዬ ደግ እናት ናቸው፤ ባለሙያ ካመጣሁ ወጪውን ከኪራዩ እንደሚቀንሱልኝ ነግረውኛል። ያነጋገርሁት ባለሙያ ግን ዛሬ ነገ እያለ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ እኔም በየማታው ሳፋ ከሲፎኑ ሥር አስቀምጦ ማደር ስለሰለቸኝ ሥራውን በራሴ እጅ ለመሞከር ቆርጫለሁ። ያለኝ መሣሪያ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ሰጌቶ ነው። የትኛውን ክፍል መለወጥ እንደሚገባኝ፣ እስካሁን በሠራሁት ያበላሸሁት ነገር ካለ፣ እንዲሁም ሙያው የሌለው ሰው ሥራውን ሊወጣው ይችል እንደሆነ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


የቧንቧ ሠራተኛ ከደብረ ብርሃን፦

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን እንዲህ ዘርዝረው ማቅረብዎ ሥራውን በግማሽ አቃሎታል። በዚሁ ከተማ በቧንቧና በፍሳሽ መስመር ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከነገሩን ሁሉ ይበልጥ የሳበኝ በመጨረሻ የጠቀሱት የጠዋቱ ሽታ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ፒንሳውን ያስቀምጡት። የፕላስቲክ ዳዶ የሚጠብቀው በእጅ ነው፤ እጅ የሚችለውን ያህል ካጠበቀ በኋላ ቢያንጠባጥብ እንኳ የሚጨመረው ከሩብ ዙር አይበልጥም። እንዲህ ባለው መገጣጠሚያ ላይ ውኃውን የሚያቆመው ጥርሱ ሳይሆን፣ ዳዶው ተጭኖ የሚያስጨንቀው ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ማሸጊያው ነው። ስለዚህ በጥርሱ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም ዳዶው እስከ መጨረሻው ገብቶ ጎሚኒውን እንዳይጫን ስለሚያግደው ይጎዳል። የቴፍሎን ቦታ ጥርሱ ራሱ ውኃውን በሚያቆምበት መገጣጠሚያ፣ ለምሳሌ የውኃ መክፈቻው ከግድግዳው ጋር በሚታሰርበት የብረት ጥርስ ላይ ነው። ሲሊኮንም እርጥብና ቅባት በነካው ፕላስቲክ ላይ አይዝም። ሦስቱ ቀን በደረቅ ያለፉት ሲሊኮኑ ስለያዘ አይመስለኝም፤ በእነዚያ ቀናት ሲንኩን ሞልተው ስላለቀቁት ይመስለኛል።

ውኃ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚያፈስበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። ከላይ ወይም ከጎን ይወጣና የቧንቧውን ሆድ ተከትሎ እየተንሸራተተ፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ይንጠባጠባል፤ ሰው ደግሞ ጠብታውን ባየበት ቦታ ያለውን ዳዶ ያጠብቃል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ምንጩን ይለዩ። ካቢኔቱን ባዶ ያድርጉና ሁሉንም ቧንቧ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ፣ ማለትም በማጣሪያው ሥር፣ በሲፎኑ ላይኛው ዳዶ፣ በሲፎኑ ታችኛው ቆብ፣ ተጣጣፊው ቱቦ ከሲፎኑ በሚወጣበት ቦታና ቱቦው ወደ ግድግዳው በሚገባበት ቦታ ላይ፣ ነጭ ሶፍት ጠቅልለው ያስሩ። አንድ ሁለት ቀይ ሥር ቀቅለው ውኃውን ካቀዘቀዙ በኋላ በሲንኩ ውስጥ ከሚሞሉት ውኃ ጋር ይቀላቅሉት። ይህን የምለው ለጨዋታ አይደለም። በእኛ ከተማ ብርድ፣ ወጥ እየተሠራ እንፋሎቱ ማድ ቤቱን ሲሞላው፣ ቀዝቃዛ ውኃ የያዘው የመግቢያ ቱቦ ከውጭ ያልበዋል፤ ያን ላብ አይቶ ሲፎን የለወጠ ሰው አውቃለሁ። ሶፍቱ ከቀላ ውኃው የመጣው ከፍሳሹ ነው፤ ነጭ እንደ ሆነ ከራሰ ግን ላብ ነው ወይም ከመግቢያው መስመር የወጣ ነው።

ፈተናውን በሦስት ደረጃ ያድርጉት። መጀመሪያ ሲንኩን ደፍነው ቀዩን ውኃ ይሙሉና ግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ በዚህ ጊዜ ውኃው የሚነካው ማጣሪያውን ብቻ ስለሆነ፣ የሚርሰውም የማጣሪያው ሶፍት ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ መድፈኛውን በጥቂቱ ከፍተው ውኃው በቀስታ እንዲወርድ ያድርጉ፤ አሁን የሚፈተነው ሲፎኑ ነው። በመጨረሻም እንደገና ሞልተው በአንድ ጊዜ ይልቀቁት፤ ይህ መስመሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ይፈትነዋል። የእጅ ባትሪ ይዘው ይጎንበሱና የትኛው ሶፍት መጀመሪያ እንደሚቀላ ይመልከቱ። ሁሉም ከራሱ በኋላ ቢመለከቱ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ሽታው ልመለስ። ሲፎን የሚሠራው በውስጡ የቀረው ውኃ ከመስመሩ የሚመጣውን አየር ስለሚዘጋው ነው። ሲፎኑ ውስጥ ውኃ ካለና ሽታው ግን ካልቀረ፣ አየሩ የሚገባው ከሲፎኑ በኋላ ባለ ክፍተት ነው ማለት ነው። እርስዎ በገለጹት አሠራር ከሲፎኑ በኋላ ያለው መገጣጠሚያ ግድግዳው ላይ ያለው ነው። በብዙ ቤቶች እንዳየሁት፣ 40 ሚሊሜትር የሆነው ቱቦ 50 ሚሊሜትር በሆነው ቧንቧ ውስጥ እንዲያው ይሰካና ዙሪያው በጨርቅ ወይም በጥቂት ሲሚንቶ ይደፈናል። መስመሩ ንጹሕ ሳለ ውኃው ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ ማንም አያውቅበትም፤ መስመሩ ሲጠብ ግን ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ወደ ኋላ ይመለስና በዚያው ክፍተት ይወጣል። ግምቴ ይህ ነው፤ ሆኖም ቀይ ሥሩ ይፍረድ።


የሸዋ ሮቢቷ፦

ባለሙያው የተናገሩት ትክክል ቢሆንም፣ ሲሊኮን በጭራሽ እንደማይሠራ ተደርጎ እንዳይወሰድ የራሴን ልጨምር። የእኔ ሲንክ ባለፈው ዓመት ሲያፈስ ቀዳዳው የነበረው በማጣሪያው ላይ ነበር፤ ሲንኩን ደፍኜ ውኃ ስሞላው ከሥሩ ይወርድ ነበር። ማጣሪያውን የያዘውን ብሎን ከላይ በካቻቢቴ ፈትቼ ስመለከት፣ በሲንኩና በማጣሪያው ከንፈር መካከል የነበረው ጎሚኒ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። የብረቱን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ሳይሆን (ብረቱን ይቧጭራል) በሳሙናና በሻካራ ስፖንጅ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በአዲሱ ጎሚኒ ላይ ቀጭን የሲሊኮን መስመር አዙሬ አሰርሁት፤ ተጭኖ የወጣውን ትርፍ በጣቴ ጠረግሁና አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ውኃ ሳላስነካው አሳደርሁት። እስከ ዛሬ አላፈሰሰም። የሚለየው ነገር እኔ ሲሊኮኑን ያደረግሁት ንጹሕና ደረቅ በሆነ ቦታ፣ ከመገጣጠሙ በፊት፣ በሁለቱ ዕቃዎች መካከል መሆኑ ነው፤ እርስዎ ግን ከተገጣጠመ በኋላ ከውጭ ለበጡት።

ሌላው፣ የወንድሜን ጥያቄ ሳነብ «ገና ካለፈ በኋላ» የሚለው ቃል ትኩረቴን ሳበው። ታላቅ እህቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ለበዓል ስሄድ እንደማየው፣ የዶሮው ወጥ ድስት ከምግብ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከቆየ ቅቤው በላዩ ላይ ነጭ ሆኖ ይረጋል። ከባሕር ጠለል ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ይህን ማየት ያዳግታል፤ እኛ ጋ ቅቤውም የሚረጋው ዘይትም ቀልጦ ነው የሚውለው። ጣርማ በርን ወጥቶ ደጋ ላይ የደረሰ ሰው ቅቤውን በድስቱ ውስጥ ካየው፣ በቧንቧው ውስጥም እንዲሁ እንደሚሆን መገመት አያቅተውም።


ጡረተኛ ከመሐል ሜዳ፦

ልጄ፣ የእኛ የመንዝ ብርድ ከእናንተ ስለሚብስ ይህን ነገር ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በቤቴ ፍሳሹ ሲዘጋ የማደርገው ቀላል ነው፤ አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ውኃ እስኪንተከተክ አፍልቼ በአንድ ጊዜ እለቅበታለሁ፤ ካልተከፈተም ኮስቲክ ሶዳ እጨምራለሁ። ቅባቱ ቀልጦ ይሄዳል። ደግሞም በሲንኩ ውስጥ አተላ የሚደፋ ሰው እንዳለ ቤተሰቡን ጠይቅ፤ ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ፍሳሽ በገብስ አሰር ሲዘጋ ያላየሁበት ዓመት የለም። አተላ ለከብት ነው እንጂ ለቧንቧ አይሰጥም።


የጠባሴው ተከራይ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ፈተናውን እንደ ተነገረኝ አደረግሁ፤ አከራዬም ቀይ ሥሩን ለሰላጣ የቀቀልሁት መስሏቸው ምጣድ ላይ የነበሩትን ትተው መጡና እስኪጨረስ ድረስ ቆመው ተመለከቱ።

በመጀመሪያው ደረጃ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የትኛውም ሶፍት አልራሰም። በሁለተኛው ደረጃ በሲፎኑ ታችኛው ቆብ ላይ ያለው ሶፍት እጅግ ጥቂት፣ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቅላት አሳየ። በሦስተኛው ደረጃ ግን ውኃውን ከለቀቅሁ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ የግድግዳው ሶፍት በአንድ ጊዜ ቀላ፤ ውኃውም በተሸበሸበው ቱቦ ሆድ ላይ ተንሸራትቶ ወርዶ፣ ቱቦው መሐሉ ላይ ረግቦ ሲፎኑን በሚነካበት ቦታ ይንጠባጠብ ጀመር። እስከ ዛሬ የሲፎኑ መስሎኝ ስታገለው የኖርሁት ይኸው ውኃ ነበር። በግድግዳው ላይ ያለውን መድፈኛ በካቻቢቴ ስነካውም የወጣው የበሰበሰ የጨርቅ ቁራጭ ነው።

በሲፎኑ ቆብ ላይ ያለው ሁለተኛው ማፍሰስ ደግሞ የራሴ ሥራ ሳይሆን አይቀርም፤ የፒንሳው ጥርስ ያረፈበት ቦታ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። ጡረተኛው አባቴ ስለ አተላ የጠየቁት እኛን አይመለከትም፤ ሆኖም በጾሙ ጊዜ ያልነበረ ችግር ከገና በኋላ መምጣቱ እውነት ነው። አሁን ምን ልግዛ፣ በምንስ ቅደም ተከተል ልሥራ? ያረጀውንስ ቅባት በፈላ ውኃ ላስወግድ?


የቧንቧ ሠራተኛ ከደብረ ብርሃን፦

በመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፣ ምክንያቱም አደጋው ያለው እሱ ውስጥ ነው። አባታችን ከመሐል ሜዳ የሰጡት ምክር ቅባቱን እንደሚያቀልጥ አይካድም፤ ነገር ግን የእርሳቸው መስመር ምናልባት የብረት ይሆናል። የፒቪሲ ቧንቧ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ መለሳለስ ይጀምራል። ከባሕር ጠለል 2,840 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በደብረ ብርሃን ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ቢሆን ፒቪሲውን ለማጠፍና ጎሚኒውን ለማድረቅ ይበቃል። ከዚህ ሌላ የቀለጠው ቅባት አይጠፋም፤ ጥቂት ሜትር ተጉዞ ውኃው ሲቀዘቅዝ፣ እጅ በማይደርስበት የግቢው መስመር ውስጥ ይረጋል። ቅቤ የሚቀልጠው ከ30 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ባለ ሙቀት ስለሆነ፣ እጅ የሚታገሠው ሙቅ ውኃ ከፈሳሽ ሳሙና ጋር ይበቃዋል። ሳሙናው ቅባቱን በትኖ ከውኃው ጋር እንዲሄድ ያደርገዋል፤ የፈላ ውኃ ብቻውን ይህን አያደርግም።

ኮስቲክ ሶዳን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ከውኃ ጋር ሲገናኝ ብርቱ ሙቀት ያወጣል፤ ፊት ላይ ቢረጭ ዓይን ያጠፋል፤ አሉሚኒየም ከነካ ደግሞ ተቀጣጣይ ጋዝ ይፈጠራል። እርስዎም ቧንቧውን በእጅዎ ሊፈቱት ስለሆነ፣ ውስጡ ሶዳ ያለበትን ሲፎን ፊትዎ ሥር ይዘው መፍታት ማለት ነው። አይጨምሩት። በረኪናንም ከአሲድ ጋር መቀላቀል መርዘኛ ጋዝ ያወጣልና፣ ያለፈው ሰው ምን እንደ ደፋበት በማይታወቅ ፍሳሽ ላይ በረኪናም ቢሆን ባይደፉ ይሻላል።

አሁን ወደ ዕቃው። ሲፎኑ ከተሰነጠቀ ጎሚኒ ብቻ ፈልገው አይድከሙ፤ ሙሉውን ሲፎን ከነጎሚኒዎቹ ይግዙ። ወደ ሱቁ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ «የሲንክ ሲፎን» ብቻ ብለው ከጠየቁ 32 ሚሊሜትር የሆነውን የእጅ መታጠቢያ ሊሰጡዎት ይችላሉ፤ የእርስዎ 40 መሆን አለበት። በተሸበሸበው ቱቦ ፈንታ 40 ሚሊሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ቧንቧና አንድ ክርን (የቧንቧ መታጠፊያ) እንዲገዙ አጥብቄ እመክራለሁ። የተሸበሸበው ቱቦ ለሠራተኛው ምቹ ነው፤ ቧንቧው ባይገጥም እንኳ ታጥፎ ይደርሳልና። ነገር ግን በየሽብሽቡ ቅባትና የሊጥ ቅሪት ይይዛል፤ መሐሉም ሲረግብ ውኃ አቁሮ ይቀራል። ሦስተኛው ዕቃ ከሁሉ ትንሹና ዋናው ነው፤ ከ50 ወደ 40 የሚያጠብ የጎማ ቀለበት። ይህ ቀለበት በግድግዳው ቧንቧ አፍ ውስጥ ገብቶ ቱቦውን ዙሪያውን ጨምቆ ይይዘዋል፤ ውኃውንም ሽታውንም የሚያቆመው እሱ ነው። በአንዱ ሱቅ ካጡት በሌላው ይፈልጉ እንጂ በጨርቅም በሲሚንቶም አይተኩት።

ሥራውን ሲጀምሩ ባልዲ ከሲፎኑ ሥር ያድርጉ፤ ሲፎኑ ሲፈታ በውስጡ ያለው ውኃ በሙሉ ይወርዳል። (የወጣውን ውኃ በልማድ መልሶ እዚያው ሲንክ ውስጥ መድፋት ያጋጥማል፤ እኔም በጀማሪነቴ እግሬን አርሼበታለሁ።) አሮጌው ሁሉ ከወጣ በኋላ በግድግዳው ቧንቧ ውስጥ ጣት እስከሚደርስበት ያለውን የረጋ ቅባት በእንጨት ጠርገው በወረቀት ያውጡት፤ ወደ ውስጥ አይግፉት። ከዚያ በላይ ያለውን በሚታጠፍ የሽቦ ማጽጃ ወይም ጫፉ በተቆለመመ ጠንካራ ሽቦ እየሳቡ ያውጡ። ውጭ ግቢ ውስጥ ማንሆል ካለ ክዳኑን ይክፈቱና አንድ ባልዲ ሙቅ የሳሙና ውኃ በግድግዳው ቧንቧ ሲያፈስሱ በማንሆሉ በኩል በፍጥነት መውጣቱን ሌላ ሰው ይመልከትልዎ። እየተንጠባጠበ ከመጣ መጥበቡ ገና አልተፈታም ማለት ነውና አዲሱን ዕቃ አይግጠሙ።

ሲገጥሙ ከግድግዳው ወደ ሲንኩ ይምጡ። የጎማ ቀለበቱን ውጫዊ ክፍል በፈሳሽ ሳሙና ያርሱትና ይግፉት፤ ቅባት ወይም ግሪዝ አይቀቡት። ቧንቧውን በሰጌቶ ከቆረጡ በኋላ ጫፉ ላይ የቀረውን ሸካራ በቢላዋ ይጥረጉ፤ ያ ሸካራ ጎሚኒውን ይቀደዋል። ቧንቧው ከሲፎኑ ወደ ግድግዳው በእያንዳንዱ ሜትር ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ በእርስዎ ካቢኔት ርቀቱ ከግማሽ ሜትር ስለማይበልጥ፣ አንድ ሴንቲሜትር ማለት ነው። የግድግዳው ቧንቧ አፍ ከሲፎኑ መውጫ ከፍ ብሎ ካገኙት ሲፎኑን ከፍ ያድርጉት፤ ከማጣሪያው የሚወርደው አጭር ቧንቧ ወደ ሲፎኑ ውስጥ ሊገባና ሊወጣ የሚችለው ለዚህ ነው። ጎሚኒው አንድ ጎኑ ሾጠጥ ያለ ከሆነ ሾጣጣው ጎን ወደ መገጣጠሚያው፣ ጠፍጣፋው ወደ ዳዶው ይሁን። ሁሉንም ዳዶ መጀመሪያ ልል አድርገው ይሰሩና ቧንቧዎቹ ያለ ጭንቀት ቀጥ ብለው መቀመጣቸውን ካዩ በኋላ በእጅ ያጥብቁ። ተጣምሞ የቆመ ቧንቧ ዳዶው ምን ቢጠብቅ ያፈስሳል።


ጡረተኛ ከመሐል ሜዳ፦

መስመሬ የብረት እንደ ሆነ በትክክል ገምተሃል፤ የተዘረጋው በወጣትነቴ ነው። የልጄ ቤት ግን ፒቪሲ ነውና ማንቆርቆሪያውን ወደዚያ እንዳልወስድ ነግራኛለች፤ ምክንያቱን ሳትነግረኝ ቀርታ ነበር፤ ዛሬ ከአንተ አገኘሁት።


የጠባሴው ተከራይ፦

ሥራውን ትናንት ከሰዓት በኋላ ጨረስሁ። ከሦስቱ ዕቃዎች ያስቸገረኝ የጎማ ቀለበቱ ነበር፤ በአራተኛው ሱቅ ነው ያገኘሁት፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ባለ ሱቆች ሁሉ በእሱ ፈንታ ሲሊኮን ሊሸጡልኝ ሞክረዋል። ከግድግዳው ቧንቧ ውስጥ የወጣው ቅባት ሻማ መስሎ የጠነከረ፣ በመሐሉ የእንጀራ ፍርፋሪና የሽንኩርት ቅጠል የተጋገረበት ነበር፤ ቧንቧው ከሚገባው ስፋት የቀረው አንድ ጣት የሚያስገባ ያህል ብቻ ነው። የአከራዬ ልጅ በማንሆሉ ላይ ቆሞ ነበር፤ መጀመሪያ ያፈሰስሁት ባልዲ ዘግይቶ መጣ፣ ስለዚህ ሽቦውን መልሼ አስገብቼ ሁለት ጊዜ ሳብሁ፤ በሦስተኛው ባልዲ ውኃው ተንደርድሮ እንደ ወጣ ጮኾ ነገረኝ።

ስገጥመው አንድ ስሕተት ሠራሁ፤ ቧንቧውን ሁለት ሴንቲሜትር አስረዝሜ ቆርጬው ሲፎኑን ወደ ጎን ገፋው። ባለሙያው ስለ ተጣመመ ቧንቧ የጻፉት ትዝ ስላለኝ በዳዶ ልጎትተው አልሞከርሁም፤ አውጥቼ እንደገና ቆረጥሁት። ውኃው ሲለቀቅ ከሲፎኑ ላይኛው ዳዶ አንዲት ጠብታ ታየች፤ ሩብ ዙር በእጅ ጨምሬ ቆመች።

ትናንት ማታ አከራዬ በእንግዳ ብዛት የተነሣ ሲንኩን ሁለት ጊዜ ሞልተው ለቀቁት። ዛሬ ጠዋት ካቢኔቱን ስከፍት ከታች የዘረጋሁት ጋዜጣ ደርቆ አገኘሁት፤ ሽታውም የለም። ያበጠውን የቺፑድ ወለል ግን ፀሐይ ላይ ባሰጣውም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ አናጢ ለክቶ በኮምፔንሳቶ እንዲለውጠው ተነጋግረናል፤ የእሱን ዋጋ ነው እንግዲህ አከራዬ ከኪራዩ የሚቀንሱልኝ።